ወይዘሮ አራት

«ወይዘሮ አራት» ያሏት ተማሪዎቿ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ድርሰት ስታስተምር ከእሷ እጅ ከአምስት አምስት ያገኘ አንድም ተማሪ የለም። ልጁ የፈለገውን ያህል አሳምሮ ይጻፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ አራት ትጽፍና ከሥሩ ታሰምርበታለች። «አምስት የሚያገኝ ድርሰት ገና አልተጻፈም» ነበር መልሷ። ማርክ ሊለምን የሄደማ ጉዱ ፈላ! «ለማኝ አላስተምርም» ብላ በሩን ታሳየዋለች።

እንግዲህ ይቺው ሴትዮ ናት ጡረታ ከወጣች በኋላ የኮከብ ያለህ ስትል የኖረችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷን ስትሮክ መታትና ግማሽ ጎኗ ከዳት። አንደበቷም ተሳሰረ። ጓዳ በኩል ካለው ክፍል ተኝታ የምትለውን ከታላቅ እህቷ በቀር የሚለይላት የለም፤ ሐኪሙ እንኳ «ምን አለች?» እያለ ወደ ወይዘሮ አራት ይዞር ነበር። የሁሉም ታናሽ የሆነው ወንድማቸው ቤቱ ይሸጥ፣ በሽተኛዋም መጦሪያ ቤት ትግባ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው። ወይዘሮ አራት ሽንጧን ገትራ ተሟገተችና በመጨረሻ ተስማሙ፦ የፊት ለፊቱን ክፍል በስልክ አፕ ለእንግዳ እያከራየች የአስታማሚዋን ደሞዝ እስከቻለች ድረስ ማንም ከቤቱ አይወጣም። የታመመችው እህት ይህን ስትሰማ በደህናው እጇ የታላቋን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

«እትዬ፣ የምለውን ከማይሰማ ሰው ጋር አታስተኚኝ» አለች።

አፑ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እንግዳው ሲወጣ ለቤቱ ከአምስት ኮከብ ይሰጣል፤ አከራይዋም ለእንግዳው ትሰጣለች። የቤቱ አማካይ ከአራት ነጥብ ሰባት ከወረደ ቤቱ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። አለቀ! ይግባኝ የለ፣ ሽማግሌ የለ። አንዱ እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ጣለብኝ ብሎ ሦስት ሰጠ፤ ዝናቡን እሷ ያዘነበችው ይመስል። ሌላዋ ደረጃው በዛብኝ ብላ ሦስት ሰጠች፤ ደረጃው ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ። አንደኛው ደግሞ «ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የሚያቃስት ሰው አለ» ብሎ ጻፈና ሁለት ሰጠ።

ይኼኛው ነው አንጀቷን የቆረጠው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ባለ ቁጥር፣ አስታማሚዋ ስታገላብጣት እህትየዋ ፎጣ ትነክሳለች። ራሷ ያመጣችው ዘዴ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ፎጣውን አጥፋ በእጇ ያስያዘቻት ወይዘሮ አራት ናት።

አማካዩ አራት ነጥብ ሰባት ላይ እንደተንጠለጠለ አንድ መነጽር ያደረገ መላጣ ሰውዬ ለሦስት ቀን መጣ። የእሱን ዓይነት እንግዳ አይታ አታውቅም። አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፣ የሻይ ብርጭቆውን አጥቦ ይደፋል፣ የመጽሐፍ መደርደሪያዋ ፊት ቆሞ ለብቻው ፈገግ ይላል። ሲሰናበታት ሁለት እጇን ጨብጦ ቶሎ አልለቀቃትም።

«ይኼኛው ጨዋ ነው» አለች እህት በሩ ሲዘጋ። «ሳይርቅ ደውዪና አምስት ስጠኝ በይው።»

«እኔ? ማርክ ልለምን? ሞቼ እገኛለሁ!»

«በመሞቱስ እኔ እቀድምሻለሁ» አለች እህት፣ በግማሽ አፏ እየሳቀች።

ወይዘሮ አራት ሳቀች እንጂ አልደወለችም። ጭራሽ ስልኳን አንስታ ለሰውዬው አራት ኮከብ ሰጠችው። ለማን አምስት ሰጥታ ታውቅና!

በነጋታው ረፋድ ላይ የሰውዬው አስተያየት መጣ። «ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አልጋው ይመቻል። አከራይዋ የልጅነት አስተማሪዬ ናቸው፤ እኔን ባያስታውሱኝም እኔ አልረሳኋቸውም። ሰው ለሰው የሚሰጠውን ትልቁን ማርክ ሰጥቻቸዋለሁ።» ከሥሩ አራት ኮከብ። ከዚያ ሥር ደግሞ የአፑ ድርጅት መልእክት፦ ክፍልዎ ከዛሬ ጀምሮ ከዝርዝሩ ተሰርዟል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለድርጅቱ ደወለች። አንዲት ወጣት «እናቴ፣ ሥርዓቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለቻት። ከዚያ ያንን ለሠላሳ አንድ ዓመት ስትጸየፈው የኖረችውን ነገር አደረገችው፤ ለተማሪዋ ደወለች።

«ቲቸር! አወቁኝ ማለት ነው?»

«ልጄ፣ እባክህ አምስት አድርግልኝ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ከእርስዎ አራት ያገኘሁት አንዴ ነው። ደብተሩ እስከዛሬ አለ። ትናንትም አራት ሲሰጡኝ ለባለቤቴ አሳየኋት፤ ዛሬም አልተለወጡም ብለን እንዴት እንደሳቅን!»

«አውቃለሁ። ስህተቱ የኔ ነው። እህቴን ሊወስዱብኝ ነው፤ አምስት አድርግልኝ።»

«አሁኑኑ!» አለ ደንግጦ። ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲደውል ግን ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። አንዴ የተሰጠ ኮከብ አይለወጥም ብለውታል። «ቲቸር፣ ምን አደረግሁ?» እያለ አለቀሰ፤ እሷ ናት ያባበለችው።

ወር ሳይሞላ ወንድምየው መኪና ይዞ መጣ። እህቱን ራሱ አቅፎ ደረጃውን ሲወርድ እንባው እየወረደ ነበር፤ ማን ይፍረድበት?

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ስድስት አልጋ ከተደረደረበት ክፍል አስገቧት። ወይዘሮ አራት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ጻፈች፦ «‹ሃ› ካለች ውኃ ጠምቷታል። ‹ኡም› ካለች ጎኗን አዙሩላት። ‹እዬ› ካለች እኔን ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ።» ገጹን ሞልታ ከራስጌው በላይ ለጠፈችው። እህቷ ሁሉን እያየች አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ከእጇ ሳትለይ ጠበቀች፤ አልጮኸም። እሑድ በጉብኝት ሰዓት ስትደርስ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው።

«ምነው ሳትደውሉልኝ?» አለቻት ነርሷን።

«ምን ብለን እንደውል፣ እማማ? እንዲህ ያለች ዝምተኛ በሽተኛ ገጥማን አታውቅም። ስናገላብጣት እንኳ ድምፅ የላትም። ሁሉም እንደሷ በሆነልን!»

እህቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ በዓይኗ ብቻ ታያታለች። ወይዘሮ አራት ጎንበስ ብላ ገለጥ አደረገችው። ከቤት የመጣውን ፎጣ እንደነከሰች ነው።