በጉም የተሸፈነው ድልድይ

ሰገነት አስማማው ባሕር ዳር የመጣችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአበባ ንድፍ እንድትሠራ ተመድባ ነው። በሥራ ቀን ለአንሶላና ለቀሚስ ጨርቅ አበባ ትነድፋለች፤ እሑድ እሑድ ግን ሸራዋን ተሸክማ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ዳር ትወርዳለች። እዚያ የምትሥለው ለአባቷ ነበር።

አቶ አስማማው በጉልምስናቸው የዓባይ ድልድይ ሲሠራ ሲሚንቶ ካቦኩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ከተኙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሚያጽፉት ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ድልድዬ እንዴት ነው?» ብለው ነው። ድልድዩን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ሥዕልን የከለከለ ግን ሰገነት አልሰማችም።

ዘመኑ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። በቱቦ የሚመጣው የዘይት ቀለም ከገበያ ጠፍቷል፤ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያመጣቻቸው ቱቦዎችም ተጨምቀው አልቀዋል። መላ የሰጧት መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ በሐይቁ ዳር ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል የሚያድሱ ሽማግሌ። የተዋወቁት ገበያ ውስጥ፣ ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ሁለቱም ሲገዙ ነው።

«ልብስ ልታጥቢበት ነው?» አሏት።

«የለም የኔታ፣ ሐይቅ ልሥልበት ነው።»

መሪጌታ ሳቁ። «እኔ ደግሞ ለእመቤታችን መጎናጸፊያ ፈልጌው ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ተማማሩ። እሳቸው አቡጀዲውን ወጥሮ፣ ከበሬ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ቀብቶ፣ በኖራ ማንጣትን አሳዩዋት፤ ቀለሙን በእንቁላል አስኳል መለወስንም። እሷ በበኩሏ የተልባ ዘይት በጠርሙስ ሞልታ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታችው፤ ከወር በኋላ ጠርቶና ወፍሮ ሲያዩት መሪጌታ አጨበጨቡ።

«ቶሎ የሚደርቀው ከታች፣ የሚዘገየው ከላይ ነው የኔታ» አለቻቸው። «ከተገለበጠ ይሰነጠቃል።»

ስለዚህ ድልድዩን በእንቁላል ሣለችው። ግራጫው ደርቆ የድንጋይ መልክ ሲያወጣላት ዘይት ልታስነካው አልፈለገችም፤ እንዳለ ተወችው። ውሃውንና ሰማዩን ግን በዘይት ቀለም፣ መጀመሪያ በላምባ አቅጥና፣ ቀጥሎ ዘይቱን እየጨመረች፣ ሁለት ወር ሙሉ ደራረበችባቸው።

የቀራት ከዳር ያለው ደንገል ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት እሱን ስትሥል ሁለት ወታደሮች ከኋላዋ መጡና ከነሸራዋ ወደ ድልድዩ ጥበቃ አዛዥ ወሰዷት። አዛዡ ሻምበል አንዳርጋቸው ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ብዙ ጊዜ አየው።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«አባቴ» አለች ሳታስበው።

«አባትሽ ማን ነው?»

ከነሕመማቸው፣ ከነደብዳቤያቸው ነገረችው። ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ አምንሽ ይሆናል» አላት፤ «ከኔ በላይ ያሉት ግን አያምኑሽም። ወይ ሥዕሉ ይቃጠላል፣ ወይ ድልድዩ ይጠፋል። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ።»

ሰገነት የቀለም ሣጥኗን ከፈተች። ሁለት ወር የለፋችበትን በእጇ ልታጠፋው ነው። ነጩን ቀለም በተልባ ዘይት ስትለውስ ግን አንድ ነገር መጣላት፦ ከታች ያለው እንቁላል ከደረቀ ሰንብቷል፣ ላምባ አያስለቅቀውም፤ ከላይ የሚሄደው ዘይት ግን ለሳምንታት እርጥብ ነው። ዘይቱን አበዛችው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ላይ የሚነሣውን ጉም በድልድዩ ላይ አለበሰችው።

ሻምበሉ ጉሙን በጣቱ ነካ አደረገ፤ ነጩ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ይኼ መቼ ነው የሚደርቀው?»

«ሦስት… አራት ሳምንት ይፈልጋል።»

ጣቱን በመሐረቡ ጠርጎ መሸኛ ጻፈላት፦ «የሐይቅ ሥዕል ነው፤ ድልድይ የለበትም።» ማኅተሙንም መታበት። «አውቶቡስ ዐርብ አለ» አላት ወረቀቱን ሲሰጣት። «በዚያው ሂጂ፤ አትቆዪ።» ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ሰገነት ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አላወቀችም።

መሪጌታ የሥዕሉ ፊት ምንም እንዳይነካው ከሣንቃ ጥልቅ ሣጥን ሠሩላት። በዓባይ በረሃ ኬላ ላይ ፈታሹ መሸኛውን አንብቦ፣ ወደ ሣጥኑ አጎንብሶ፣ «ጉም ብቻ ነው» ብሎ አሳለፋት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ አባቷን በትራስ ደግፈው አስቀመጡላት። አቶ አስማማው ሥዕሉን አዩ። «ሐይቁስ ራሱ ነው» አሉ። «ደንገሉም። ድልድዬስ?» ፊታቸው ጠቆረ።

ሰገነት ጨርቅ ላምባ አስነክታ በሚሠራው ግራ እጃቸው አስያዘቻቸው፤ እጇንም በእጃቸው ላይ አደረገች። «ቀስ ብለው ይጥረጉት፣ አባዬ።»

ጠረጉ። ነጩ ወደ ጨርቁ እየተዛወረ መጣና መጀመሪያ አንድ ምሶሶ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ከላይ ያለው መንገድ ወጣ። አቶ አስማማው ጨርቁን ጣሉት። ሲያለቅሱ ቆይተው፣ አፍንጫቸውን ሳይጠርጉ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይኼኛው ቀጥኗል።»

«የቱ?»

«ይኼ ከዳር ያለው። እኔ አቡክቼ እንዲህ ያለ ስንጥር አላቆምሁም። አወፍሪው!»

እናቷ ሳቁና እንቁላል ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ሰገነት ግራጫውን ለውሳ ምሶሶውን አወፈረች፤ እሳቸው «ጨምሪ፣ ገና ነው» እያሉ እስከ ራት አዘዟት።

ሥዕሉ በራስጌያቸው ተሰቀለ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሲሚንቶው እንዴት እንደተቦካ እያሳዩ ያስረዱበት ነበር። የቀበሌ ሰው ከሆነ ግን ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀድመው ነጠላቸውን ጣል ያደርጉበታል።