የመክት ጉልበት

ቤቱ የልጄ ባል የማትያስ ነው፤ እኔ ከታች ቤዝመንቱ ውስጥ እኖራለሁ። ውሻዬን መክትን ከውሾች መጠለያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማትያስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «የሕክምና ኢንሹራንስ ካልተገባለት እዚህ ቤት አያድርም፣ ጋሼ።» እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የኢንሹራንሷ ሴት ደወለች። ማትያስ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ልጆቹ ቁርስ ይበላሉ። መክት እግሬ ሥር ተኝቷል።

«ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል?» አለች በእንግሊዝኛ።

«አያውቅም» አለ ማትያስ።

«ኦፕሬሽን? ማነከስ?»

«በፍጹም። ጤነኛ ነው።»

ልጆቹ አባታቸውን አዩት። የመክት ግራ ጉልበት ላይ ፀጉር ያልሸፈነው ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ፤ በየቀኑ ይነካኩታል።

«ግራ ጉልበቱ ኦፕሬሽን ሆኗል» አልኩ በምችላት እንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ።

ሴትየዋ ደንቡን ነገረችን፤ አንዱ ጉልበት ታሞ ከነበረ የሁለቱም ሕክምና በኢንሹራንሱ አይሸፈንም። ሌላው በሽታ ግን ይሸፈናል።

«ቀኙ ምን አደረገ?» አልኳት።

«የድርጅቱ ደንብ ነው፣ ሰር።»

«መጥፎ ደንብ ነው።»

ማትያስ ሴትየዋ እንዳትሰማን ስልኩን ሚዩት አደረገ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ማን ያያል?»

«ልጆችህ አዩ። ነገ ቸርች መድረክ ላይ ቆመህ ልታስተምራቸው ነው።»

«ይሄ የውሻ ወሬ ነው እንጂ ወንጌል አይደለም!»

«ውሻውማ ምን አለ? የተናገርከው አንተ ነህ።»

«ጉልበቱ ካልተሸፈነ ኢንሹራንሱ ምን ሊያደርግልን ነው? ውሻው ወደ መጠለያው ይመለስ።»

ተነሣሁ። ኮቴን ለበስኩ። የመክትን ማሰሪያ አንገቱ ላይ አደረግኩ።

«ወዴት ነው?»

«ካስልሪጅ ሰፈር። ወዳጄ ጉልላት ባዶ ክፍል አለው፤ ውሻም አይጠላም።»

«በዚህ ብርድ? ሰው ምን ይላል? አማቱን አባረረ ነው የሚሉት!»

«ያባረርከው ውሻውን ነው። እኔ አብሬው ነው የምሄደው።»

ልጄ ሩሐማ ከጓዳ ወጥታ የበረዶ ቡትስ ጫማዬን አቀረበችልኝ። ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሃሎ? አላችሁ?» አለች ሴትየዋ ከስልኩ ውስጥ።

ማትያስ ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ቆየ። ጫማዬን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ሚዩቱን አነሣ።

«አለን» አላት በመጨረሻ። «ግራ ጉልበቱ ኦፕሬሽን ሆኗል። ጻፊው። የቀረውን ሸፍኚልን።»

ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። «ቀኙ ቢታመምስ፣ ጋሼ?»

«ያኔ እንጣላለን።»

«እንግዲያው ኮትዎን ያውልቁ።»

«አንዴ ለብሻለሁ፤ አንሸራሽሬው እመለሳለሁ» አልኩና ከመክት ጋር ወጣሁ። በረዶው ላይ ለቀቅኩት። ሲሮጥ ማትያስ በመስኮት ያይ ነበር።