እህሉ እስኪከተት

«እኔ ያልኩት አልተሳካም ነው። አሁንም እደግመዋለሁ» አለ መምህር ደመላሽ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው ዳር እየገፋ። «ተሳካ የሚባለው የሄደው ሲመለስ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይተካል።»

«አንተ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፈህ ነው የምታወራው። እኔ ከዚያው ነው የመጣሁት» አለ መሳፍንት።

«የመጣኸው በአንድ እግር ተኩል ነው።»

በቤቱ ያለው ሰው ሳቀ። መሳፍንትም አብሮ ሳቀ፤ የማይታጠፈውን ግራ እግሩን ግን ከጠረጴዛው ሥር ጎተት አድርጎ አስገባው።

ቅዳሜ ነው፣ የሉማሜ ገበያ ቀን። የደብሪቱ ሻይ ቤት ከገበያ በተመለሰና መኪና በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። ጭቅጭቁን ያስነሳው ሬዲዮው ነበር። ሶማሊያ የዘመተው ጦር የሄደበትን ዓላማ አሳክቷል ወይስ አላሳካም ብሎ አድማጮችን ሲጠይቅ፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ከባሕር ዳር እየደወለ ሐሳቡን ሰጠ። ዝግጅቱ አልቆ ዘፈን ከተከፈተ ቆይቷል፤ ሻይ ቤቱ ግን ገና አልጨረሰም።

ገዳሙ የገባው ነገሩ ከጋለ በኋላ ነው። ከበሩ ጀርባ ካለችው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሚስማር ይዟል። የሶማሊያ ወሬ ሲነሳ መስማት ይወዳል። አገሩን አያውቀውም፤ ልጁ ሙላት በስልክ «ተራራ የሚባል የለውም አባዬ፣ ፀሐይ ከመሬት ነው የምትወጣው» ብሎ የነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስሙ በተጠራ ቁጥር ግን ሰው ስለ ቤቱ የሚያወራ ይመስለዋል። ተሳካም አልተሳካም ሲሉ እሱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ከተሳካ የዘመቱት ልጆች ይመለሳሉ፣ ካልተሳካም መቼስ አንድ ቀን ይመለሳሉ።

«አስተማሪ ሁልጊዜ መልስ አለው» አለ መሳፍንት። አሁን አይስቅም። «እንዲያውም አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሙላት ምን ሊባል ነው? በእጄ ላይ ያለፈው ልጅ? የአያ ገዳሙ ልጅ እንዲያው በከንቱ ነው የሞተው በለኝ። ያን ጊዜ እኔም አልተሳካም እላለሁ።»

በሩ አጠገብ ያለውን ጋቢ ቀድማ ያየችው ደብሪቱ ናት። ሬዲዮውን ዘጋችው።

«መሳፍንት፣ ተው» አለች በቀስታ።

ገዳሙ አልዞረም። መጀመሪያ የተሰማው ኀዘን አልነበረም። የተሰማው ለወራት አጠገቡ ሲያልፍ የነበረ ነገር አሁን ቦታ ቦታውን ሲይዝ ነበር። ጥቅምት ላይ መሳፍንት በክራንች እየተደገፈ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ «ደህና ነው፤ ስልክ የማይሠራበት ሰፈር ገብቶ ነው። ለእናቴ ሰላም በልልኝ ብሏል» ብሎ ነበር። የሙላት እናት የብርጓል ያን የቆሰለ ጉልበቱን ጎንበስ ብላ ሳመችው። መሳፍንት ያን ጊዜ ፊቱን ለምን እንዳዞረ፣ ጤፉ ሲደርስ ደቦ ሳይጠራ ለምን ሁለት ጊዜ እንደመጣለት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት እንኳ ማጭዳቸውን ይዘው ለምን እንደተሻገሩ ገባው። እሱ ግን ማታ ለሚስቱ «ሰው ያከብረናል፣ አየሽ» ብሎ ኮርቶ ነበር።

ጎረቤቱ ቢተው ከወዲያ ጥግ ተነስቶ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«እህሉ እስኪከተት ብለን ነው፣ ገዳሙ። ካህኑም ይቆይ ብለዋል። ሰው አዝኖ አጨዳ አይሆንለትም።»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

ቢተው መሬት መሬት አየ። «አገር ያውቃል።»

«የብርጓልስ?»

«እሷ አታውቅም። በልጆቼ።»

መሳፍንት እግሩን እየጎተተ መጥቶ ከፊቱ ቆመ። ሊንበረከክ ፈለገ፤ እግሩ ግን እሺ አላለውም። «አያ ገዳሙ፣ እዚህ መኖርዎን አላየሁም…»

«አፈር ቀምሷል?» አለው ገዳሙ።

«እኔ ራሴ ነኝ ያለበስኩት። ዲያቆን የነበረ ጓድ ነበረን፣ እሱ ደግሞለታል። ድንጋይ አኑረንበታል።»

ገዳሙ ራሱን ነቀነቀ። ሻይ ቤቱ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ምናልባት እንዲጮህ ነበር፣ ወይም እንዲፈርድ። እሱ ግን ቢተውን ብቻ ተመለከተ።

«እኔ እንደዚህ ሰማሁ። ሆነ እንግዲህ። እሷ ግን እንደዚህ አትስማም፤ በሰው ጭቅጭቅ መሀል አትሰማም። ነገ ማለዳ ካህኑን ይዛችሁ ኑ፣ በወጉ ይነገራት። እኔም ከእሷ ጋር እሰማለሁ። እስከዚያ አፋችሁን ያዙልኝ።»

«እስከ ማለዳ እንዴት ትችለዋለህ?» አለ ቢተው።

ገዳሙ ሚስማሩን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ።

መንገዱን ሁሉ ያሰበው የራሱን ፊት ነበር። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት በሬው ሲያነክስ እንኳ ከእሱ ግንባር ላይ ነው የምታነበው። ቤት ሲደርስ ሰላምታዋን እየሄደ ተቀብሎ፣ መሰላሉን ከአዲሱ ቤት ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። ቆርቆሮው ሙላት ከደመወዙ እየላከ የተገዛ ነው። ተመልሶ ሚስት ሲያገባ የሚገባበት ቤት ነበር፤ ከጣሪያው የቀረው የወዲያኛው ጎን ብቻ ነው።

«ውሃ እንኳ ሳትጠጣ?» አለች የብርጓል ከሥር።

«ፀሐይ ሳትገባ ልጨርሰው።»

መታ። ከጣሪያ ላይ ሆኖ ፊቱ አይታያትም፣ የመዶሻው ድምፅም ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። አንድ ሚስማር በሚበቃበት ሦስት መታ። ማገሩ የት እንዳለ አልለካም፤ ቆርቆሮው ባለበት ሁሉ መታ። የብርጓል ከመሰላሉ እግር ሥር ተቀምጣ ጥጧን ትፈትላለች። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ታወራዋለች።

«ከተማ ምን ይወራል?»

«የሶማሊያውን ዘመቻ ነው። ተሳክቷል አልተሳካም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«መሳፍንትና መምህሩ። ሬዲዮውም።»

እንዝርቷን አሾረች። «አንተስ ምን አልክ?»

«እኔን ማን ጠይቆኝ።»

«እንዴት አይጠይቁህም? የልጅ አባት አይደለህ?» ክሩን እንዝርቱ ላይ ጠቀለለች። «ለነገሩ ምን ያውቃሉ። ሙላቴ ሲመጣ እንጠይቀዋለን። እዚያው የነበረው እሱ ነው፣ ይነግረናል።»

ገዳሙ አራት ሚስማር ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ነበር። ለመመለስ አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልገው ነበር። አላወጣቸውም። መዶሻውን አነሳ።

ማለዳ፣ የቅዳሴው ደወል ሳይሰማ በፊት፣ የብዙ ሰው ኮቴ ደጁ ላይ ተሰማ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ኮቴ የሰማ ሰው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የብርጓል ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠችና ባሏን አየችው። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ካህኑ መሪጌታ አምደሚካኤል ከፊት፣ ቢተውና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሩን ተደግፈዋል።

«ልጃችን ኃይለ ሚካኤል አርፏል» አሉ መሪጌታ፣ በክርስትና ስሙ።

ገዳሙ ሌሊቱን ሁሉ ሲያዘጋጅ ያደረው ያላወቀ ሰው ፊት ነበር። አላስፈለገውም። ትናንት የሞተው የጭቅጭቅ ማስረጃ የሆነ ወታደር ነበር። በዚህ ስም የተጠራው ግን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ እሱ በነጠላ ጠቅልሎ የተሸከመው ልጅ ነው። ሲወድቅ የያዘችው የብርጓል ናት፤ የእሷ ድምፅ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሠልስቱ ሰው በዛ። ከይጁቤ፣ ከደብረ ኤልያስ ዘመድ መጣ። አሮጌው ቤት ለሴቶቹ ሆነ፤ ወንዶቹ ገና በር ያልተገጠመለት አዲሱ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ቤቱ የመጀመሪያ እንግዶቹን የተቀበለው እንደዚህ ነው። መሳፍንትና ደመላሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከቅዳሜ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ደመላሽ ነው የመሳፍንትን ክራንች ግድግዳ ያስደገፈለት።

ነገሩን ዳግም የጀመረው ከይጁቤ የመጣ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ለማጽናናት ብሎ።

«መጽናኛው ምንድን ነው፣ የዘመተበት ነገር መሳካቱ ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ እዚህም ሰላም አይኖርም ነበር።»

«እሱስ ተሳክቷል ለማለት ይከብዳል» አለ አንድ ሌላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ይከብዳል?»

«ሄደን ምን አመጣን? እስቲ ንገረኝ።»

ቢተው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አልሰማውም። ሦስተኛው ሰው ገባበት፣ አራተኛው በሬዲዮ የሰማውን ተናገረ። ድምፁ እየጨመረ ሄደ። መሳፍንት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው፤ በሦስተኛው «እዚያ የነበረ ሰው ይናገር እንጂ» አለ፣ ሰዉም ወደ እሱ ዞረ።

ገዳሙ ቀና አለ። የቅዳሜ ከሰዓት ሥራው ከራሱ በላይ ነበር። ማገሩን የሳቱት ሚስማሮች ቆርቆሮውን በስተው ጫፋቸውን ወደ ታች አውጥተዋል፤ በበሩ በኩል የገባው ብርሃን እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ያበራል። ብዙ ናቸው። በክረምት በእያንዳንዳቸው በኩል ውሃ ሊወርድ ነው። መንቀል ያስፈልጋል፤ ሲነቀሉ ደግሞ ቀዳዳው ይቀራል።

«መመዘኛው ምንድን ነው? መጀመሪያ እሱን እንስማማ» ይላል ደመላሽ።

ገዳሙ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ። በሩ አጠገብ ያሉት እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከመሳፍንት ላይ ሳያነሱ አሳለፉት። ባዶውን አውድማ አቋርጦ፣ የጭድ ክምሩን ዞሮ፣ ጭቅጭቃቸው ወደማይሰማበት፣ ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ።