የሠርፀ ቤሳ

ነቀምቴ ውስጥ የድሮ ሳንቲም ከእኔ ከቂርቆስ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን የምለው ጉራ ስለምወድ ነው፤ ግን እውነትም ነው። ሰው ሲያፍር ማየትም እወዳለሁ። አንዱ የአባቱን ቅርስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ፣ ተመልካች እስኪሰበሰብ እጠብቅና «ሐሰት!» እላለሁ። ሱቄ ከወርቅ ሠሪዎቹ መደዳ ስለሆነ ተመልካች አይጠፋም።

እማዋይሽ የመጣችው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከጊዳ አያና ተፈናቅላ እዚሁ ከተማ ጨለለቂ ሰፈር ዘመድ ቤት የተጠጋች የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ባሏ ሠርፀ እሷን ባፈናቀላት ግርግር ሞቷል፤ ቤታቸው ተቃጥሏል። አሁን ክረምት ሳይገባ ተመልሳ በቀረው ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ ማስመታት ትፈልጋለች። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንዲት ቤሳ፣ የጥንት የመዳብ ሳንቲም፣ የሱቄ መስተዋት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድምዓለም፣ ባሌ ከአያቱ የወረሳት ናት። ክፉ ቀን ከመጣ ይቺን ይዘሽ ነቀምቴ ሂጂ፣ ቤት ታቆምልሻለች ይለኝ ነበር።»

አነሳኋት። እውነተኛዋ ቤሳ በማሽን የተመታች ስለሆነች ፊቷ ላይ ያለው አንበሳ ጎፈር ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። የዚህችኛዋ ጎፈር ታጥቦበት ያለቀ ሳሙና ይመስላል። ፊቷ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠርዟን ዙሪያውን ሞረድ በልቶታል። እውነተኛ ቤሳ ጭቃ ላይ አትሞ፣ መዳብ አቅልጦ ያፈሰሰ ሰው ሥራ ናት። ሚዛን ላይም ቀለለች። እርጅናዋ ግን የምር ነው። ቤሳ መገበያያ በነበረበት ዘመን ተሠርታ፣ በዚያው ዘመን ገበያ ላይ ጨው እየገዛች ዞራለች።

ልቤ ዘለለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ እንዲህ ያለች ሐሰተኛ ካገኘሁለት ሁለት መቶ ሺህ ብር እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። እውነተኛዋ በየሱቁ ሞልታለች። ሐሰተኞቹ ግን ያኔውኑ እየተለቀሙ ስለቀለጡ ዛሬ ብርቅ ናቸው።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሺህ ብር ሰጥቶ ይሸኛት ነበር። እኔ ግን ሰው ተሰብስቦልኛል፤ አፌ አላስችል አለኝ።

«ሐሰት ናት! የባልሽ አያት ሐሰተኛ ገንዘብ ሲያቀልጥ ኖሯል። ባልሽም ሲዋሽሽ ኖሯል።»

ሰዉ ሳቀ። እማዋይሽ ወደ ሳቁት ሰዎች ዞረች።

«ሠርፀ ዋሽቶኝ አያውቅም» አለች።

«እንግዲህ ሃምሳ ብር ልስጥሽና ለልጆቼ መጫወቻ ትሁን» አልኳት።

ሳቁን ሳጣጥም የመደዳችንን ደንብ ረሳሁት። በሰው ፊት ሐሰት የተባለ ዕቃ ሌላ ሰው እንዳያታልል በመሮ ለሁለት ይቆረጣል። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው ደረሳ ጩኸቴን ሰምቶ መሮና መዶሻውን ይዞ ገባ። ወርቅ እንጂ የድሮ ሳንቲም አያውቅም፤ በእኔ ዓይን ግን ያምናል።

«ኦቦ ቂርቆስ፣ ዱጋዳ? እውነት ሐሰት ናት?»

ሁሉም እኔን ያያል። «ተሳስቻለሁ» ብል የሠላሳ ዓመት ስሜ ገደል ገባ። «ተዋት፣ ውድ ናት» ብል ብሩ የእሷ ሆነ።

«ሐሰት ናት» አልኩ።

ደረሳ ወደ እሷ ዞረ። «አዴ፣ ንብረቱ የእርስዎ ነው። ልቁረጣት?»

«ቁረጣት። ሐሰት ይዤ ወደ ሠርፀ መቃብር አልመለስም።»

አንድ ምት በቃት፤ የተቆረጠች ደግሞ ለሰብሳቢው ምንም አትሆነውም።

ብቻዬን መቃጠሉ አንገበገበኝ። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰብሳቢውን፣ ሁለት መቶ ሺህ ብሩን፣ ብርቅ ያደረጋት ሐሰተኛነቷ እንደነበር። ስታለቅስ ላያት ፈልጌ ነበር።

«ሠርፀ አልዋሸኝም ማለት ነው» አለች። ሁለቱን ግማሾች ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ምን በደልኩህ፣ ወንድምዓለም?»

ምንም አልበደለችኝም።

«ግማሾቹን በሃያ ብር ልውሰዳቸው?» አልኳት።

ቋጠሮዋን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ክረምቱ በሳምንቱ ገባ። ዝናቡ የሱቄን ቆርቆሮ ሲደበድበው እሷም ትዝ ትለኛለች፣ ብሩም ትዝ ይለኛል። የሚቀድመው ግን ብሩ ነው።