ሰባት እንስራ

እናቴ የደረቀችው ማክሰኞ ዕለት፣ ከምሳ በፊት ነው። በሐሩራ ምድር ዝናብ ለዘጠኝ ወር ከቀረ ሽማግሌዎች ይደርቃሉ፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔና እህቴ አስካለ እንደ ደንቡ ከጉልበቷና ከወገቧ አጠፍናት፤ ብል እንዳይበላት በርበሬ ነሰነስንባትና ቆጥ ላይ አወጣናት። ክብደቷ ከአንድ ጋቢ አይበልጥም ነበር።

ሁለት ዓመት ቆየች። በየሳምንቱ እያወረድኩ አገላብጣታለሁ። ድሮ ጠዋት ጠዋት “ሰማዩ ምን ይላል?” ትለኝ ስለነበር፣ ሳገላብጣት ሳትጠይቀኝም እነግራታለሁ። ምንም አይልም እላታለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ዘነበ። የውሃው ዳኛ ጋሽ ደምሰው መንከሪያ ሰባት እንስራ ሰፈሩልን።

“ይርዳው፣ አፍህን እሰር” አሉኝ።

“ኋላ አስራለሁ።”

“አሁን እሰር። የጠማው ሰው አይታመንም።”

ደንቡ ነው፤ ሰው የሚነክር አፉን በጨርቅ ያስራል። እኔ ደግሞ ቶሎ ይከነክነኛል። ለገዛ እናቴ፣ እህል እንደሚያበራይ በሬ አፌ ሊታሰር? ጨርቁን ኪሴ ከተትኩት።

ገንዳው ውስጥ አጋደምናት። በሁለተኛው እንስራ ጣቶቿ ተዘረጉ፤ በአምስተኛው ጉንጯ ሞላ። ሰባተኛውን አስካለ ልታመጣ ወጣች። እኔ የመጠጥ ድርሻዬ ገና ስላልተሰፈረ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። እውነቱን ልናገር፤ አንድ ጉንጭ ነው። ጎንበስ ብዬ ከገንዳው ጠጣሁ። በርበሬ በርበሬ ይላል።

ሰባተኛው ሲፈስባት እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

“አስካልዬ፣ ሰማዩ ምን ይላል?”

አስካለ እያለቀሰች ሳመቻት። እኔም ልስማት ስጠጋ እናቴ ወደ ገንዳው ጥግ ሸሸች።

“ይሄ ሰውዬ ማነው?”

“እማዬ! ይርዳው እኮ ነው፣ ልጅሽ!” አለች አስካለ።

“እኔ የወለድኩት አንቺን ብቻ ነው” አለች እናቴ ረጋ ብላ።

እየሮጥኩ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄድኩ። አፌን አስከፍተው አሸተቱኝ።

“በርበሬ” አሉ። “የኔ ልጅ፣ ከትዝታዋ ላይ አንተን ጠጥተሃል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።” በራቸውን ዘጉ።

አሁን ጓዳ ነው የምተኛው። እናቴ ሳስል በሰማች ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ “ያ ሰውዬ አልሄደም?” ትላለች። እኔ ሳሌን በጋቢ አፍናለሁ።

የምፈራው ቀትሩን ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ወገቤን ይቆርጠኛል። እናቴ እኔን እንዳማጠችኝ፣ ገመድ ነክሼ አምጣለሁ። አዋላጇ “ወንድ ነው፣ እሰይ!” ትላለች፤ ሕፃኑንም ደረቴ ላይ ታስተኛዋለች። እጁ እርጥብ ነው። ዝቅ ብዬ አየዋለሁ። ፊቱ የኔ ነው፤ አፉ በጨርቅ ታስሯል።