ሞተሩ ሳይሞቅ

«ለደረሰብሽ አዝናለሁ» አለ ሰውዬው፤ የኑላን እጅ ጨብጦ ለቀቀና ወደ ሬሳ ሳጥኑ ዞረ። ቀጣዩም ያንኑ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም።

ወረፋው ከሳሎኑ በር ወጥቶ በኮሪደሩ በኩል እስከ ግቢው ይደርሳል። በሊትሪም ገጠር ሬሳ እስኪቀበር ብቻውን አይተውም፤ ከጎኑ የሚቀመጠውም የቅርብ ሰው ነው። ወንድሟ ኮልም ትናንት ከአውስትራሊያ ደርሶ «ሲጋራ ላጭስ» እያለ ይወጣል፣ ወጥቶም ይቀራል። እናቷን ሻይ የሚቀዱ ሴቶች ኩሽና ውስጥ ከበዋታል። ስለዚህ ወንበሩ የኑላ ሆነ። ቀኝ እጇ ከመጨበጥ ብዛት ደንዝዟል።

አባቷ ፊንባር የእሁድ ሱፉን ለብሶ ተጋድሟል። መቁጠሪያ የተጠመጠመባቸው ጣቶቹ ሆዱ ላይ ተቆላልፈዋል። ጥፍሩ ስር የገባውን የሞተር ዘይት ገናዦቹም ማስለቀቅ አልቻሉም።

አክስቷ አትራክታ ሳንድዊች የሞላበት ሳህን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «ብዪ እንጂ! ከእንግዲህ እናትሽ ካለ አንቺ ማን አላት?»

«ኮልም አላት።»

«ኮልም!» አትራክታ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «እሱ ከሻይ ማንኪያ የከበደ ነገር አንስቶ ያውቃል? ደግሞ ሰኞ ተመላሽ ነው። አንቺ ግን የትም አትሄጂም፣ ተመስገን።»

ኑላ ሳንድዊቹን ሳትነካ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ የአንዲት ግራጫ መኪና ኮፈን ከፍተው ተደርድረዋል። በፊንባር ለቅሶ ስለ መኪና ካላወሩ ስለ ምን ሊያወሩ ነው?

በዚያ ሰበካ ፊንባርን ሳያስከትል ያገለገለ ናፍጣ መኪና የሚገዛ ሰው አልነበረም። ልጅ ሳለች እሷንም ይዟት ይሄድ ነበር። ከቀጠሮው ቀድሞ ይደርስና ባለቤቱን እንኳ ሳይጨብጥ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ሞቅ ካለው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይመለሳል።

«ለምን አባዬ?»

«ቀድሞ አስነስቶ ያሞቀው፣ የሚደብቀው ስላለው ነው። ናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚያወጣው ሳይሞቅ ነው።»

ቀዝቃዛ ከሆነ ሞተሩ ይነሳል። እሷ ከኋላ ቆማ የመጀመሪያውን ጭስ ታያለች፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ነጩ ቶሎ ካልጠፋ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቷል። እሱ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከስር የሚያንኳኳ ነገር እንዳለ ያዳምጣል። ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ሜትር እያሳየ የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። በኋላ በኋላ ጭሱንም ድምፁንም ለይታ ቀድማው መናገር ጀመረች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስላይጎ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሥራ ስታገኝ፣ በሥራ ሰዓቷ የሚያደርሳት አውቶቡስ አልነበረም። መኪና ያስፈልጋት ነበር። አባቷ የመጀመሪያዋን «ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን አልፋ ስለማታውቅ የጥላሸት ማጣሪያዋ ተደፍኗል» አላት። ሁለተኛዋ ከስር ታንኳኳለች አለ። ሦስተኛዋ ካሪክ የሚኖር የቫዮሊን አስተማሪ ግራጫ መኪና ነበረች። ኮፈኗ በረዶ ነበር። በአንድ ጊዜ ተነሳች፣ ጭስ የላትም። ኑላ ከኋላ ቆማ ሳቀች። አባቷ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነካ አድርጎ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

«በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ የገባ፣ ርካሽነቱ እንዳይታወቅ ቀለሙ በኬሚካል የታጠበ የትራክተር ናፍጣ ስትጠጣ ኖራለች። ፓምፗ ዓመት አይከርምም።»

ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሞ፣ እንደ ሕፃን፣ አይስክሬም ገዛላት። ኮልም አገር ጥሎ ከሄደ ገና ወሩ ነበር። የሆስፒታሉን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው፤ ኑላም የመንደሩ ሱቅ ሒሳብ ተቀባይ ሆነች።

«ለደረሰብሽ አዝናለሁ፣ ኑላ።» አሁን እጇን የያዘው ከሐይቁ ማዶ የሚኖረው ማላኪ ነው። «አባትሽ ባለውለታዬ ነበር። ያቺን ውጪ የቆመችውን መኪና ያስገዛኝ እሱ ነው። ካሪክ ካለው ቫዮሊን አስተማሪ።»

እጁን አልለቀቀችም። «ግራጫዋን?»

«እሷን! ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም። ከሚስቴ ይልቅ ትታዘዘኛለች።»

«ናፍጣዋ የታጠበ አልነበረም?»

«ኧረ በስመ አብ! አባትሽ አሽትቶ ንጹሕ ናት አለኝ። ‹ለአንተ ትሆናለች፣ አንተ የትም አትሄድም› አለኝ፣ እንዲያው እየሳቀ።» ማላኪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ልሸጣት ነው፤ ልጆቹ በዝተው አልበቃችንም።»

ሻይ የያዘች ሴት በመካከላቸው አለፈች። ኑላ ያን ቀን የሰማችው የሞተር ድምፅ ትዝ አላት። ንጹሕ ድምፅ ነበር። የራሷን ጆሮ ትታ የእሱን አፍንጫ አመነች።

«ለማንም አትሽጣት» አለች። «ነገ ከቀብር መልስ ውጪ አሳድራት። ከነገ ወዲያ ጠዋት እመጣለሁ። እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳት።»

ማላኪ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ማን ያይልሻል ታዲያ?»

«እኔ።»

«መኪና ምን ያደርግልሻል?» አለች አትራክታ ከኋላ። «ሱቁ እንደሆነ በእግርሽ ነው። ደግሞ እዚህ፣ አባትሽ ፊት!»

«እሱ ፊት ነው የማወራው፣ አክስቴ።»

ቀጣዩ ለቀስተኛ እጁን ዘረጋ። ኑላ አልተቀበለችውም። ዞረችና መዳፏን የአባቷ እጆች ላይ አሳረፈች፤ ሌሎቹ እንዳደረጉት በጣት ጫፍ ነካ አድርጋ ሳይሆን፣ ሙሉ መዳፏን ዘርግታ፣ እሱ ኮፈን ላይ ያሳርፍ እንደነበረው። ወረፋው ቆሞ ጠበቃት። ቶሎ አላነሳችውም።