አሳይቼ ልመልስ

ጠዋት ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። የብረቱን በር ወደ ላይ እገፋለሁ፤ ዜማ ወለሉን ትወለውላለች፤ እኔ ቀሚሶቹን አወጣለሁ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ካለ ደጅ የሚሰቀሉትን በገመድ አስራቸዋለሁ። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ እቀመጣለሁ። ከራሴ በላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ይሰቀል ነበር። የባለቤቴ የመስዑድ ኮት ነው። ባንኮኒው ላይ ሲደገፍበት የኖረው የግራ ክርኑ ያብለጨልጫል። ከሞተ በኋላ ከዚያ አላነሳሁትም። ስለ ኮቱም ለማንም አላወራሁም።

መስዑድ ትቶልን የሄደው ሦስት የልብስ ሱቅ ነው፤ አንዱ እዚህ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወረታ፣ አንዱ መራዊ። ሦስቱም በኪሳራ ይፎካከሩ ነበር። ሸሪካችን የሆኑት ታላቅ ወንድሙ ሙሀመድዘይን አንድ ቀን መጥተው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሰሚሐ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ለመቼ ነው? ወይ አንሺያቸው፣ ወይ እንዝጋቸው።»

«እስከ መቼ ይታገሡኛል?»

«እስከ ዒድ። ከዚያ ይህንን ለስልክ ነጋዴዎች አከራየዋለሁ። ተጠይቄያለሁ።»

አከራየዋለሁ ያሉት ሚስማሩ ያለበትን ግድግዳ ጨምሮ ነው። ሥራ ጀመርሁ።

በሽታውን ለማግኘት ብዙ መማር አያስፈልግም ነበር። መስዑድ ዘንድ «አሳይቼ ልመልስ» የሚባል ልማድ ነበር። ደንበኛዋ የወደደቻቸውን ቀሚሶች ትመርጣለች፣ «እቤት አሳይቼ ልመልስ» ትላለች፣ እሱም በፌስታል ጠቅልሎ በሰላም ይሸኛታል። ቀሚሶቹ ከአማትና ከጎረቤት ተዋውቀው፣ አንዳንዴም ሰርግ ውለው፣ ወጥ ነክቷቸው ይመለሳሉ። ከእኔ የበለጠ አገር ያየ ቀሚስ ነበረን።

አስቀረሁት። በሦስቱም ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አሰቀልሁ። ያረጀው ሁሉ በቅናሽ እንዲወጣ፣ ዋጋ ሳይለጠፍበት የሚሰቀል ልብስም እንዳይኖር አዘዝሁ። እንዲያው የተሰቀለ ልብስ ቦታ ይበላል አልሁ።

ዜማን የቀጠርኋት ከመስዑድ በኋላ ነው። ዋጋ ስትለጥፍ ቀና ብላ ሚስማሩን አየች።

«እትዬ፣ ይሄስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ከእውነቱ በኋላ የሚመጣውን «ውይ እትዬ፣ ይቅርታ!» ግን አልፈለግሁትም።

በማግሥቱ ቅናሹን ላስጀምር ወረታ ሄድሁ፤ ጥቂት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ዜማ ከደጅ ተቀበለችኝ።

«እትዬ፣ ያ አሮጌ ኮት እንኳ ወጣ! ሰውየው ‹ክርኑ ምን ሆኖ ነው?› ቢለኝ ‹አባቴ፣ የዘንድሮ ፋሽን ነው› አልኩት።»

ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ።

«ማን ነው የገዛው?»

«አንድ የመራዊ ሰውዬ። ትናንት ይዞት መጥቶ ነበር እኮ! ‹ሚስቴ ትከሻው ሰፋብህ አለችኝ፣ መልሱልኝ› ብሎ ጨቀጨቀኝ።»

«ከዚያስ?»

በአገጯ ወደ ጽሑፉ ጠቆመች። «‹ማንበብ ይችላሉ አባቴ?› አልኩት። ‹አዛኝቷን፣ ገንዘቡም ይቅርብኝ፣ እሷ ዘንድ ይዤው አልገባም!› ብሎ ኮቱን እዚሁ ጥሎት ሄደ። እኔ እተወዋለሁ? እስከ መናኸሪያ ሮጬ አስታቀፍኩት። በዚህ ቤት ቀልድ እንደሌለ ይወቅ!»

«ጎበዝ» አልኋት። ሌላ ምን ይባላል? ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ አድርጎ ያከበረልኝ ሰውም አልነበረም።

ስሙን ጠየቅኋት። አታውቀውም። መስዑድ ቢሆን ስሙን ከነአያቱ፣ የሚስቱን አገር፣ የሚውልበትን ጠጅ ቤት ሳይቀር ጠይቆ ነበር፤ ልብሱን አምኖ የሚሰጠው እንዲያ ነበርና። የእኛ ደንበኛ ግን ከፍሎ ይሄዳል። የሚጠየቀው ነገር የለም።

መራዊ ያለውን ሱቅ ለመቆጣጠር በገበያ ቀን መሄድ አበዛሁ። ሙሀመድዘይን ትጋቴን አደነቁ። እኔ የማየው የወንዶችን ጀርባ ነበር። መራዊ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሰ ወንድ ብዙ ነው፤ ግማሹን የሸጥንለት እኛው ነን።

ዒድ ሲቃረብ ሦስቱም ሱቆች በገዢ ተጨናነቁ። ሙሀመድዘይን ተምር ይዘው መጡ።

«ማሻአላህ፣ አነሳሻቸው! የስልኮቹን ሰዎች አሰናብቻቸዋለሁ።» ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኮቱንም አነሳሽው?»

«አዎ።»

«መልካም አደረግሽ፣ እህቴ። ልብሽ መበርታቱን ያወቅሁት አሁን ነው።»

ተምሩን ለዜማ አካፈልኋት።

ሦስቱም ሱቆች ክፍት ናቸው። ጠዋት በሩን ወደ ላይ እገፋለሁ፤ ዜማ ወለሉን ትወለውላለች፤ እኔ ቀሚሶቹን አወጣለሁ። ሚስማሩ እዚያው ነው። ኮቱ የለም።